ባዶ እጁን የማይሄደው ወገኔ

የአዲስ አበባን ሰው ደግነት ማየት የፈለገ፣ በፒያሳና በሜክሲኮ መካከል ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ በጥየቃ ሰዓት ብቅ ይበል። በሩ ላይ የተኮለኮለው ሕዝብ እጅ ምንኛ ያስደስታል! ጁስ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ አሁንም ጁስ። የታመመው እግሩ ይሰበር ጉበቱ ይበላሽ፣ ፍቅራችን አያዳላም።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የስኳር ታማሚ ጠያቂ ነው። ደጁ ላይ ካለችው ሱቅ ጎራ ብሎ «ስኳር ላለበት ሰው የቱ ይሻላል?» ይላል። ባለሱቁ ሕክምና ባይማርም አዛኝ ነው፤ «አናናሱን ውሰድለት፣ ማንጎው ይከብደዋል» ይላል። ካርቶኑ ላይ ጤዛ የወረደበት አናናስ ተስሏል፤ ከጎኑ ደግሞ በጉንዳን ፊደል ውኃ፣ ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ማጣፈጫ፣ ማቅለሚያ ይላል። ወገኔ ሳያነብ አይገዛም። ገልብጦ አይቶ፣ የጾም መሆኑን አረጋግጦ ይከፍላል።

ፈረንጅ የፋብሪካ ምግብ ሰውን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ስንት ተንገላቷል! እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን ለ4 ሳምንት ሕክምና ማዕከል አስቀምጠው፣ 2 ሳምንት ፋብሪካ ያቀነባበረውን፣ 2 ሳምንት ብዙ ያልተነካካውን ምግብ አቀረቡላቸው። በሁለቱም የቀረበላቸው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር (ፋይበር) ተመጣጣኝ ነው፤ እስክትጠግቡ ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ሳምንታት በቀን 500 ካሎሪ ያህል አስበልጠው በሉ፣ አንድ ኪሎ ገደማም ጨመሩ። በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ወጪ! የእኛ ተመራማሪ ፈቃድ አያስፈርም፤ አልጋው ድረስ ሄዶ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ታማሚው ላይ ይሞክራል።

ኮመዲኖዋ ቀድመው በመጡ ካርቶኖች ተጨናንቃለች። ወገኔ የራሱን ከላይ ደርቦ ይቀመጣል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስኳርዎ ስንት ሆነ?»

«ጠዋት 280 ነበር።»

«ወይኔ! ጨርሶ ይማርዎት» እያለ ብርጭቆ ፈልጎ ይቀዳል።

«ኧረ ተው ልጄ፣ ሐኪሟ ከልክላኛለች።»

«ፍራፍሬ እኮ ነው! በሞቴ፣ ትንሽ ፉት ይበሉ።»

ጋሼ ይግደረደራሉ፣ ከዚያ ፉት ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ እንዲህ ያለው ስኳር በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይመርጣል፤ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻውን 35 ግራም አካባቢ አለው። የሚጠጣ ስኳር የሚያዘገየው አሰር ስለሌለው ሆድ ሳይሞላ ደም ውስጥ ይደርሳል። ማታ ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ቁጥሩን ስታይ «ምን በልተው ነው?» ትላለች። «ምንም አልበላሁም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ይህን የመሰለ ወግ የሚያፈርስ ግን አይጠፋም። አንዲት እትዬ ጎመንና ምስር በምሳ ዕቃ ቋጥረው መጡ። ከዶክተሯ ጠይቀው፣ ጨው ቀንሰው የሠሩት ነው። ጠያቂው ሁሉ ምሳ ዕቃዋን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ጁስ መግዣ እንኳ አጡ እንዴ?» ተባለ በሹክሹክታ። አንዱ ደግ ሰውማ እትዬ ሲወጡ ተከትሎ፣ ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ ለታክሲ ብሎ መቶ ብር በእጃቸው ሸጎጠላቸው።