ከግድቡ በታች የነበሩትስ?

የካምብሪጁ መሐንዲስ ሂው ሃንት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ እንግሊዞች በግንቦት 1943 (እ.ኤ.አ.) የጀርመንን ግድቦች የደረመሱበትን የሌሊት ጥቃት በ2011 ለታየ የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ካናዳ ውስጥ እንደገና ሞክሮት ነበር። አነስ ያለ ግድብ ተሠራ። አሮጌ ዲሲ-4 አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በመብረር ፈንጂ የሌለበት ቦንብ ጣለ፤ ቦንቡም በውሃው ላይ እየነጠረ ሄዶ ግድቡን መታ፤ ግድቡም ኋላ በፈንጂ ፈረሰ።

እንዲህ ያለውን ሙከራ ከልቤ እደግፋለሁ። የነጣሪው ቦንብ አባት፣ የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የባርነስ ዋሊስ ፈጠራ በወረቀት ሲነበብ ተራ ስሌት ይመስላል። ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን በርሜል መሰል ቦንብ በደቂቃ 500 ጊዜ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ፣ ከ18 ሜትር ከፍታ፣ በጨለማ ይጣላል። ቶርፔዶን (በውሃ ውስጥ የሚሄድ ቦንብን) ለማገድ የተዘረጋውን መረብ በነጠራ አልፎ ግድግዳው ሥር ይሰምጥና እዚያው ይፈነዳል። የከፍታ መለኪያው በዚያ ዝቅታ አያስተማምንም ነበርና፣ ከአውሮፕላኑ ሆድ የሚወርዱ ሁለት የመብራት ጨረሮች ውሃው ላይ ሲገጥሙ ነበር ከፍታው የሚታወቀው። ዛሬ በቀን ብርሃን፣ ማንም ሳይተኩስበት እንዲያ ዝቅ ብሎ የሚበርን አብራሪ ያየ ሰው፣ ያን ሌሊት በ19 የላንካስተር ቦንብ ጣይ አውሮፕላኖች ከተሳፈሩት 133 ሰዎች ለምን 53ቱ እንደሞቱ ይገባዋል።

ቅር የሚለኝ ግን የፊልሙ ትረካ ግድግዳው ሲናድ መቆሙ ነው። ግድቡ ተሰበረ፣ የፊልሙ ሠራተኛ ተቃቀፈ፣ አለቀ። የጥቃቱ ግማሽ የሚጀምረው ግን ውሃው ከወጣ በኋላ ነው! በዚያ ሌሊት የሞኸነና የኤደር ግድቦች ተሰብረው በጎርፉ የሞቱት ወደ 1,600 ይገመታሉ። ከእነዚህ የሚበዙት በግዳጅ ሥራ የተጋዙ የውጭ አገር ሰዎችና የጦር ምርኮኞች ነበሩ። ከሞኸነ በታች ባለችው በኔሃይም ከተማ የነበረው ካምፕ በጎርፉ ሲጠረግ፣ ከሶቪየት ኅብረት የተጋዙ በርካታ ሴቶች አለቁ። ናዚ ከቤታቸው ነቅሎ ያመጣቸው፣ የእንግሊዝንና የአጋሮቿን ድል ከማንም በላይ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። የሞኸነ ግድብም በዚያው ዓመት ሲጠገን ጉልበታቸው የፈሰሰው ሌሎች የግዳጅ ሠራተኞች ናቸው።

አብራሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። የሚያስቆጨኝ፣ ቦንቡን ለማስላት የዋለው ምሕንድስና ጎርፉንም ማሳየት የሚችል መሆኑ ነው። የሸለቆውን ሞዴል መሥራት፣ ውሃ መልቀቅ፣ ማዕበሉ ካምፑ ዘንድ በስንት ደቂቃ እንደደረሰና ለመሸሽ ጊዜ እንደነበረ መለካት ይቻላል። በ1977 በጄኔቫ ስምምነቶች ላይ የተጨመረው ፕሮቶኮል፣ ከባድ የሲቪል እልቂት የሚያስከትል ከሆነ ግድብን መምታት በጥቅሉ የከለከለው ለምን እንደሆነ፣ ተመልካች በዓይኑ አይቶ ይረዳ ነበር። ወጪው ቢከብድ እንኳ፣ አውሮፕላን ተከራይቶ ግድብ ለመገንባት ገንዘብ ያገኘ አዘጋጅ ለአንድ የሸለቆ ሞዴል አያጣም።