ከበዓል ማግስት ያለው ሳምንት

ክብደት ለመቀነስ የተነሣ ሰው መቼ ይተወዋል ቢባል፣ ብዙ ሰው «ረሃቡ ሲጠናበት» ብሎ ይመልሳል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሪያድና በቤይሩት የሚኖረውን የወሎ ልጅ ደሴና ኮምቦልቻ ካለው ዘመዱ ጋር አስተያይቶ ላየ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ሰርግ ይመጣል፣ ወይ ዒድ፣ ወይ ጉንፋን፣ ወይ የሌሊት ፈረቃ። የያዘው ሥርዓት ይቋረጣል። «አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ፣ በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ» ይባላል፤ ያ ወር ሳይመጣ ዓመት ይዞራል። ከበዓሉ ቀን ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ከበዓሉ እስከ መመለሻው ያለው ጊዜ ነው።

ይህን የሚደግፉ ሁለት ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 ሄርማንና ማክ የተባሉ ተመራማሪዎች ምግብ የሚቆጥቡና የማይቆጥቡ ሰዎችን ከፋፍለው፣ ለአንዳንዶቹ ሚልክሼክ የተባለ ጣፋጭ የወተት መጠጥ አጠጥተው ከዚያ ለሁሉም አይስክሬም አቀረቡ። ሚልክሼክ የጠጡት ቆጣቢዎች ምንም ካልጠጡት የበለጠ በሉ። ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ የበሉት ቀኑን እንደ ተበላሸ ስለቆጠሩት ነው ይባላል። ሁለተኛው የፊሊፓ ላሊና የባልደረቦቿ የለንደን ጥናት ነው። 96 ሰዎች ከምግብ፣ ከመጠጥ ወይም ከእንቅስቃሴ አንድ ነገር መርጠው በየቀኑ እንዲያደርጉ ተጠይቀው ነበር። ነገሩ ሳያስቡት የሚያደርጉት ልማድ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጀ፤ ለአንዳንዱ 18 ቀን በቃው፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን ተገመተ። አንድ ቀን መዝለሉ ግን ልማዱን አላፈረሰውም። ክብደት የሚቀንስ ሰው ሁሉ ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ቢያውቅ በወደድኩ።

መሰናክሉ እዚያና እዚህ አንድ ዓይነት አይደለም። ባህር ማዶ ሰው የሚሰናከለው ብቻውን ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራው እራቱን መኪናው ውስጥ ይበላል፣ ከፈረቃ ገብቶ በውድቅት ሌሊት ፍሪጅ ይከፍታል፣ በረዶው ሲጀምር ደግሞ ለወራት ከቤትና ከመኪና አይወጣም። የሚያየውም የሚጠይቀውም የለም። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ምግቧንም የእንቅልፍ ሰዓቷንም የምትወስነው እሷ አይደለችም። ሩዙ ነው፣ ከገበታ የተረፈው ነው፣ ውጪ ወጥቶ መራመድም የለም። እንዲህ ላለች ሴት «በርቺ» ማለት ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ በእጇ ያለው የስኳሩ ማንኪያና የሳህኗ መጠን ስለሆነ ከዚያ ትጀምር።

ደሴ ላይ መሰናክሉ በአደባባይ ነው። በወሎ የሙስሊሙ ዒድ የክርስቲያኑም ነው፤ በፋሲካም የሙስሊም ጎረቤት ሳይጠራ አይቀርም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት የሚኖርበት ጊዜ አለና ድግሱ እጥፍ ነው። ሰርጉ፣ ሰደቃው፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶው ሲጨመር ያለ ድግስ የሚያልፍ ወር ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ከለቅሶ በቀር ቀኑ ሁሉ አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ባህር ማዶ ያለው ሰው የማያገኘው ዕድል ነው። በዓሉ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የሚመለስበትን ቀንና የመጀመሪያዋን ምግብ ከበዓሉ በፊት መቁረጥ ይችላል፤ ሽምብራውና ጎመኑ ከዋዜማው ይገዛ፣ እንቁላሉም ይቀመጥ።

ሌላው ልዩነት የሰው አፍ ነው። እዚያ አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው ይመሰገናል። ደሴ ፒያሳ ላይ ያው ሰው «ምነው ከሳህ? ታመህ ነው እንዴ?» ይባላል፤ ወፍሮ ሲመጣ ደግሞ «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» ይሰማል። ከፍቅር የመጣ ስለሆነ መቆጣት አይገባም፤ ግን ስንቱን እንደመለሰው የሚያውቅ ያውቀዋል። መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቢሆን ይረዳል፦ «ደህና ነኝ እትዬ፣ ሐኪም ቀንስ ብሎኝ ነው፣ ግፊቴም ስኳሬም ተስተካክሏል።» ጤና ሲነሣ ጠያቂው ራሱ «እሰይ» ብሎ ያግዛል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ከበዓል ማግስት ሚዛን ላይ ወጥቶ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ያየ ሰው የወራት ልፋቱ የጠፋ ይመስለዋል። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። በሁለት ቀን ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነት ከሚፈልገው በላይ ከ15,000 የሚበልጥ ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል፤ ይህ በምንም ድግስ አይሆንም ማለት ይቻላል። ታዲያ ኪሎው ከየት መጣ? ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ ያገኘውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ ሲያከማች ለእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል። የወጡ ጨው ተጨማሪ ውሃ ይይዛል፣ ያልተፈጨው ምግብም አንጀት ውስጥ አለ። አብዛኛው ውሃ ነው፤ ወደ መደበኛው አመጋገብ ከተመለሱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ከበዓል በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ሚዛን ላይ አለመውጣት ነው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ሽንት ቤት ተደርሶ፣ ምንም ሳይቀመስ ተመዝኖ አማካዩን መያዝ ይበቃል። ደሴም ኮምቦልቻም የመንገድ ዳር ሚዛን ይገኛል፤ ግን ጃኬት፣ ጫማና የዘነበለ ድንጋይ ሲደማመሩ አንድ ሁለት ኪሎ ያሳስታሉ። በየቀኑ ሌላ ሚዛን ላይ ከመውጣት የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል። ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሆድ ሳይሳብ፣ በ15 ቀን አንዴ ይለካል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የበሽታ አደጋ መጨመር ይጀምራል፤ 102ና 88 ሲያልፍ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

የማግስቱ ምግብ ቅጣት መሆን የለበትም። የታየው ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ይውላሉ፣ ማታ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፣ እንደገና «ተበላሸ» ይላሉ። ከዚያ ይልቅ ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከሩብ እንጀራ ጋር፣ ወይም ዘይት ያልበዛበት ፉል። ምሳ ግማሽ እንጀራ በምስርና በጎመን፣ ራት ያው ከምሳው ትንሽ ያነሰ። አንድ ሙሉ የምጣድ እንጀራ እንደ ውፍረቱ ከ300 እስከ 400 ግራም ይመዝናል፤ ይህ በግምት ከ400 እስከ 550 ካሎሪ ነው። ጤፉ ጠላት አይደለም፤ ሳይታሰብ የሚደረበው ሁለተኛው እንጀራ ነው ሥራ የሚያበላሸው።

ከእንጀራው ይልቅ የሚሸወዱበት ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፣ ንጥር ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ባህር ማዶ ሰው በስልኩ ይቆጥራል። እዚህ በአንድ ድስት ለአምስት ሰው ሲሠራ መቁጠር አይቻልም፤ ግን ቀላል ዘዴ አለ። የዘይቱ ጠርሙስ ሲከፈት ቀኑን በብዕር መጻፍ። አንድ ሊትር ለአምስት ሰው በአራት ቀን ካለቀ ለእያንዳንዱ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ደረሰ ማለት ነው፣ ከ400 ካሎሪ በላይ። ያው ሊትር አሥር ቀን ከቆየ ወደ 165 ይወርዳል። ማንም ሳይራብ፣ ሽሮውም ሽሮ እንደሆነ፣ የሌላው ቤተሰብ ጤናም አብሮ ይጠበቃል።

ቡናውን ማንም እንዲተው አልመክርም፤ ቡና በደሴ ጎረቤት ማለት ነው። ነገር ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጠጣ ሦስቱ በድምሩ ወደ 100 ካሎሪ ይመጣሉ፣ ጠዋትና ከሰዓት ሲደገም 200። አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ 30 ግራም ያህል፣ ሌላ 170። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይቻላል፤ ምላስ ይለምዳል። ጫት የሚቅሙም ይህን ይወቁ፦ ረሃብ ጠፋ ብለው ምሳ ይዘላሉ፣ ከበርጫው ጋር ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋል፣ በማግስቱ የምግብ ፍላጎት ይበረታል።

በትሪ ዙሪያ ተቀምጦ «አፈር ስሆን ብላ» ሲባል እምቢ ማለት ያስቀይማል፣ አያስፈልግምም። የሚያግዘው በቀስታ መብላትና ፊት ለፊት ያለውን ወጥ ሙሉ በሙሉ አለመጨረስ ነው፤ ፊቱ ያለበት ሰው ላይ ብዙ አይጨመርም። ከጎመኑና ከምስሩ መጀመር፣ ጉርሻውን መቀበል፣ ለስላሳውን በውሃ መተካት። አንድ ለስላሳ 300 ሚሊ ሊትር ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር አለው፤ በሜዳ የግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው ካሎሪ ከዚያ አይተርፍም።

እርምጃውን በተመለከተ ደሴ የታደለች ከተማ ናት፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ሰው ለዳገት ገንዘብ አይከፍልም። ባህር ማዶ በወር እየተከፈለ በማሽን ላይ የሚወጣው ዳገት ነው። ግን ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ ወይም ከውጭ የመጣ ሰው፣ ከሕመም የተነሣም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ፣ እያወራ መራመድ በሚችልበት ፍጥነት ይጀምር፤ ከዚያ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይጨምር። ብዙዎች በመጀመሪያው ቀን ሽቅብ ወጥተው በሁለተኛው ቀን ጭናቸው ታስሮ ይተዉታል። ያሳመማቸው ቁልቁለቱ ነው፤ ሲወርዱ ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ሕመሙ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ጉልበትም ይጎዳል። ለጉልበተ ደካማ በእግር ወጥቶ በባጃጅ መውረድ ይሻላል፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና ሜዳ የበዛባት ስለሆነች ለጀማሪ ትመቻለች፤ ሙቀቱ ግን ማለዳን ይጠይቃል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ጭጋጉና ጭቃው ከቤት ሲያስቀር፣ ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር፤ አምስት ሊትር ጀሪካን በየእጁ ይዞ ግቢ ውስጥ መመላለስ። ዋናው ነገር ሰዓቱ እንዳይሰበር ነው፣ አሥር ደቂቃም ብትሆን።

ጾምና ረመዳን ክብደት ለመቀነስ የተሠሩ አይደሉም፣ ለዚያ ሲውሉም ደስ አይለኝም። ሆኖም ሰው ስለሚጾም የሚሆነውን ማወቅ ይገባል። የጾም ወጥ በዘይት ከተንሳፈፈ ከፍስኩ አይቀልም። በረመዳን ቴምሩ፣ ውሃውና ሾርባው መልካም ነው፤ የሚያበላሸው በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ መደራረቡና ጣፋጭ ጭማቂው ነው። ሳምቡሳውን ሁለት አድርጎ ከሾርባው በኋላ ሩብ ሰዓት ዐርፎ ወደ ራቱ መሄድ ብዙውን ያቃልላል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሬና ዊንግና ጄምስ ሂል አሜሪካ ውስጥ የጀመሩት መዝገብ 13.6 ኪሎና ከዚያ በላይ ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የጸኑ ሰዎችን ይከታተላል። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሞክረው ያልተሳካላቸው ናቸው። አብዛኞቹ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ይመዘናሉ፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ። ከዚያው መዝገብ የታየው ሌላ ነገር፣ ጭማሪው ትንሽ ሳለ መመለስ ከበዛ በኋላ ከመመለስ መቅለሉ ነው። ስለዚህ አማካዩ ለሁለት ሳምንት ሁለት ኪሎ ከጨመረ ወዲያው አንድ ነገር ማስተካከል ነው፦ ሩብ እንጀራ፣ ወይም አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ወይም የ15 ደቂቃ እርምጃ። ሁሉንም በአንዴ የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራ አያውቅም፣ ሁሉንም በአንዴ ይተዋል። ለወር ያህል ምንም ሳይቀንስ የቆመውም እንዲሁ ያድርግ፤ 90 ኪሎ የነበረ ሰው 80 ሲደርስ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ይቀንሳልና የድሮው መጠን አሁን ላይበቃ ይችላል።

ከውጭ ለዘመድ በሻንጣ የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚልኩ እህት ወንድሞች ይህን ልብ ይበሉ። ኦዜምፒክና መሰሎቹ ያልተከፈቱ ሳሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፣ መጠናቸው በየደረጃው የሚጨመረውም በሐኪም ክትትል ነው። በአንድ ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን በአንድ ዓመት መልሰዋል፤ ለሁለት ወር ብቻ ተልኮ የሚቋረጥ መርፌ ለዘመድ ሌላ መሰናክል መላክ ነው። «የሚያከሳ ሻይ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚያስወጣው ውሃና ጨው ስለሆነ ስቡ እዚያው አለ።

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ምግቡን ከመቀነሱ በፊት መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክልለት፤ አለበለዚያ ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። ሳይሞክር የከሳ ሰው ደግሞ፣ በተለይ ሳልና የሌሊት ላብ ካለው፣ ሳምንት ሳይቆይ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ያስመርምር።