አላውቅም የሚባል ነውር

የኔ ቢጤ ደጃችን ቆሞ ሲለምን «እግዜር ይስጥህ» ብለን እንሸኘዋለን። የመሸበት እንግዳ ቢያንኳኳም፣ ጊዜው ከፍቷልና፣ መብራት አጥፍተን የሌለን እንመስላለን። መንገድ የጠፋበት መኪና ግን ጥግ ይዞ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወደ እገሌ ከተማ በየት በኩል ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ባዶ እጁን የሰደደው ሰው በዚህ አገር አልታየም። ሁሉ ነገር በተወደደበት ዘመን አቅጣጫ ብቻ በነጻ፣ ያውም በቁና እየተሰፈረ ይታደላል። ሌላው ዓለም ያለውን ያካፍላል፤ የእኛ ሰው የሌለውንም አይነፍግም።

«አላውቅም» የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ እንዳለ አልክድም። ተማሪ ለመምህሩ፣ ተከሳሽ ለመርማሪው፣ በተለይም የቢሮ ሠራተኛ ለባለጉዳይ ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መንገድ ዳር ግን ነውር ነው። እንግዳ አስገብቶ «እንጀራ የለም» እንደማለት ይቆጠራል። ባለሙያ ሴት እንጀራ ብታጣ ከጎረቤት ትበደራለች፤ መንገድ ዳር የቆመ ጨዋ ሰውም እውቀቱን ቢያጣ ከሐሳቡ ይበደራል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? መንገድ ዳር ሊቅ የሚሆነው ግን ጠያቂው ሳይሆን ተጠያቂው ነው።

እኔ ይህን ቸርነት ጠግቤ የቀመስኩት ከባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጋር በመኪና ወደ አርባ ምንጭ የሄድን ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚያደርሱ ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አንደኛው በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ዞሮ ወላይታ ሶዶ የሚገባው ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ዓለም ገና ላይ ከጅማው መንገድ በግራ ተገንጥሎ፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ እዚያው ሶዶ የሚወርደው ነው፤ ይኸኛው ወደ 430 ገደማ ነው። አማቼ ቁጥር ይወዳል። «ጋሼ፣ ሰባ ኪሎ ሜትር ትርፍ!» ብሎ ሁለተኛውን መረጠ።

ካርታ አልያዛችሁም ነበር ወይ የሚል አይጠፋም። ይዘናል፤ በስልክ። ልክ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሞተር ስናስነሣ ስልኩ «4:30 ላይ ትደርሳላችሁ» የሚል ጽሑፍ አሳየን። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚያስብ ለአማቼ የነገረው የለም። «ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ!» ብሎ ነዳጁን ረገጠ። መልካ ቁንጥሬ፣ የአዋሽን ድልድይ ስንሻገር ኔትወርኩ ሄደና በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ጸጥ አለች። የት እንዳለን ስላላወቀች አፏን ያዘች። የባዕድ አገር አስተዳደግ ማለት ይህ ነው። የእኛ አገር ሴት ብትሆን ኖሮ ኔትወርክ ጠፋ ብላ እንግዳ ታፍራለች? «ቀጥ በሉ ልጆቼ፣ ደርሳችኋል» ትለን ነበር።

ጢያ ላይ እግራችንን ልናፍታታ ወረድን። ዩኔስኮ በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36 ትክል ድንጋዮች እዚያ ቆመዋል። ጎራዴ ተቀርጾባቸዋል፤ ሌላም ብዙ ምልክት አለባቸው። ሊቃውንቱ የአብዛኛው ምልክት ፍቺ ገና እንዳስቸገራቸው ይናገራሉ። ምስኪኖች፣ ከአጥሩ ውጭ በግ የሚጠብቀውን ልጅ አልጠየቁትም። እኛ ጠየቅነው፤ ከእነ ንጉሡ ስም በሁለት ደቂቃ ፈትቶ አስረከበን።

ከዚያ ቡኢ ደረስን። ቡኢ መንገዱ ለሁለት የተከፈለ መሰለንና አማቼ ጥግ ይዞ «ወንድም፣ ወደ ሶዶ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ሶዶ? ሶዶ እኮ ደርሳችኋል!»

ፍርድ ላይ እንዳልሳሳት፣ ሰውየው እውነቱን ነው። ቡኢ ያለችበት የጉራጌው ወረዳ ስሙ ሶዶ ነው። እኛ የፈለግነው የወላይታው ሶዶ ደግሞ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። የእኛ አገር ስም ላይ አይሰስትም፤ አንዱን ስም ሁለት ሦስት ቦታ ያስቀምጠዋል፣ መንገደኛ በየትኛውም በኩል ቢሄድ እንዲያገኘው። አማቼ ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። «ስልኩ እንኳ ያሰበልንን አንድ ሰዓት ቀደምነው» አለኝ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚያወጣውን መንገድ ብቻ መጠየቅ ቀረን።

እሱን ስንጠይቅ ግን ጉባኤ ተሰበሰበ። አንዱ በእጁ ቀኝ እያሳየ በአፉ ግራ አለ። ሁለተኛው በአገጩ ወደ ተራራው ጠቆመ። ሦስተኛው «ባለፈው ሲኖ የተገለበጠባት ኩርባ ላይ ስትደርሱ ታጠፉ» አለን፤ የተገለበጠው ተነሥቶ እንደሆነ ብንጠይቀው «ወዲያው ነው የተነሣው» ሲል አረጋጋን። በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማሙ፦ ቅርብ ናት። እዚህ ላይ ቋንቋችንን ማመስገን ይገባል። ርቀት በሌላ አገር በሜትር ይለካል፤ በእኛ ግን በሴት አንቀጽ ይቀነሳል። «ሩቅ ነው» የሚያሰኝ መንገድ «እዚህችው ናት» ሲባል ጉልበቱ ይሟሽሻል፣ ዳገቱ ይሰግዳል። መንገዱ አፈር ለብሶ ቢጠብቀንም ሰውየው በበኩሉ አሳጥሮ ሰጥቶናል።

ጠያቂም ቢሆን ጨዋነት አያጣም። «ይህ መንገድ አርባ ምንጭ ያደርሳል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ መልሱን ራሱ አብስሎ ያቀርባል። ሰው ለፍቶ ያበሰለውን «አልበላም» ይባላል? «አዎ፣ ያደርሳል» ይባላል እንጂ።

ጉባኤው ሳይቋጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሡና ዝምታ ሆነ። «ልጆቼ፣ አትንገላቱ። እኔም ወደዚያው ነኝ።» ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ካርታ ራሱ በእግሩ መጥቶ መኪናችን ውስጥ ሊገባ ነው። እኔ የፊቱን ወንበር ለቅቄ ከጀሪካኑ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። አባ ከፊት ሆነው መሩን። እውነቴን ነው፣ እንደ እሳቸው ያለ መሪ አይቼ አላውቅም። መንታ መንገድ ላይ አንድም ጊዜ አላመነቱም። «በዚህች»፣ «አሁን በዚያች»፣ «ጉድጓዷን በቀኝ እለፋት»። አስፋልቱን የለቀቅነው መቼ እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም። ከአንድ ሰዓት አቧራ በኋላ እንሰት ከከበባት አንዲት ደስ የምትል ጎጆ ፊት ለፊት «እዚህች ጋ፣ ተባረክ» አሉና ወረዱ።

«አባባ፣ የአርባ ምንጩስ መንገድ?» አላቸው አማቼ።

«እሱማ ጥላችሁት የመጣችሁት ነው» አሉ፣ ጋቢያቸውን እያራገፉ።

መቆጣት አይቻልም። ልጃቸው በርጩማ ይዛ ወጥታለች፣ ቡናው ምድጃ ላይ ነው። ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር ቀረበልን። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካን ሳንጠጣ እንዴት ይወጣል? አባ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን፦ «መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ።» አሜን አልን። ካርታ የሠራ ድርጅት ተጠቃሚውን አሳስቶ ቤቱ ወስዶ ቆጮ አብልቶ የመረቀበት አገር ካለ ንገሩኝ።

አስፋልቱን መልሰን ስናገኝ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቡታጅራ መስቀለኛው ላይ የመንገድ ምልክት አየሁና ደስ አለኝ። የኢትዮጵያ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመበት ከ1943 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን መንገድ ስትሠራ ምልክትም ስትተክል ኖራለች። የዚኛው ላይ የሰርግ ቪዲዮ ማስታወቂያ ተለጥፎ ሙሽሪት ከተማውንም ቀስቱንም በቬሏ ሸፍናለች። ከጫፉ አጮልቆ የቀረው «ኪ.ሜ» የሚለው ብቻ ነው። ቢሆንም አልተከፋሁም። ምልክት እኮ ከተነበበ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ አገር ተኮራርፎ ይቀራል።

ያን ቀን ያስቀየመን አንድ ሰው ብቻ ነው። እዚያው መስቀለኛ ላይ ቦርሳ አንግቶ የቆመ ወጣት። አማቼ በትሕትና «ወንድሜ፣ ወደ አርባ ምንጭ በየት ነው?» ቢለው፣ ልጁ ቀና ብሎ አየንና፣ ሳያፍር፣ «አላውቅም፣ እኔም ለአገሩ እንግዳ ነኝ» አለ።

መኪናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። አማቼ መስኮቱን ዘጋ። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ትንሽ ከሄድን በኋላ። «ምናለበት እጁን እንኳ ቢያነሣ?» እኔም ገረመኝ። እጅ ለማንሣት ምን ይከፈላል? ያሳደጉትን ወላጆች አሰብኩና አዘንኩላቸው። ወጣቱ ትውልድ እየተበላሸ ነው የሚባለውን ሳልቀበል ኖሬ ነበር፤ በዓይኔ ካየሁ ወዲያ ግን ምን እላለሁ?

ደግነቱ ከእሱ ሃምሳ እርምጃ አለፍ ብሎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ነበር። ጥያቄያችንን ሳንጨርስ ብርጭቆውን እንደያዘ ክንዱን ወደ ምሥራቅ ዘረጋ። «በዚህ ቀጥ በሉ። የትም እንዳትታጠፉ። አንድ መንገድ ናት።» ሰው ማለት እንዲህ ነው! ተመስገን ብለን ተፈተለክን።

መንገዱ እውነትም ያማረ ነበር። ቆሼ ላይ በርበሬ በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል፤ የማረቆ በርበሬ መሆኑን ሻጯ ነገረችን። የማረቆ በርበሬ የት እንደሚበቅል ብናስብበት ኖሮ ያለንበትን እናውቅ ነበር፤ እኛ ግን ዋጋ ላይ ተከራከርን። አሥር ኪሎ ገዝተን፣ «አርባ ምንጭ ያደርሳል?» ብለን ደግሞ ጠየቅናት። «አዎ፣ ያደርሳል» አለች። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው እሷም አልዋሸችም። አገሩ ሁሉ በመንገድ የተያያዘ ነውና በቂ ነዳጅ ላለው ሰው የትኛውም መንገድ አርባ ምንጭ ያደርሳል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቁልቁለቱ አለቀና የሚቀጥለው ከተማ ስም ታየን፤ «ባቱ» ይላል። አማቼ ዝዋይን ሲያውቃት ዝዋይ ተብላ ነው። ናዝሬትንም አዳማ፣ ደብረ ዘይትንም ቢሾፍቱ ማለት የጀመረው ብዙ ሰው ካሳሳተው በኋላ ነው፤ ባቱ ግን ገና አልደረሰውም። «አርባ ምንጭ መግቢያ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ትሆናለች» አለ።

ይህን ሲል ከከተማዋ ባሻገር ሰፊ ውኃ ብልጭ አለ። አማቼ መሪውን በሁለት እጁ መታው።

«ይኸው! አባያ! አላልኩህም ጋሼ? ቡናውና ቆጮው አራት ሰዓት በላብን እንጂ፣ ስልኩ እንዳለው ልክ በአራት ተኩል እንደርስ ነበር።» ከዚያ ድንገት ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አባያ ነው አይደል?»

አባያንም ሌላውንም ሐይቅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የአባያ ውኃ ቀይ ነው ሲባል ግን ሰምቻለሁ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁት። ፀሐዩም አለ፣ የመስታወቱም አቧራ አለ፤ ትንሽ ቀላ ያለ መሰለኝ። አማቼ ይጠብቃል። ከጠዋት ጀምሮ ነድቶ የደከመ ሰው ነው።

«ታዲያስ» አልኩት፣ በአገጬ ወደ ውኃው እየጠቆምኩ። «እሷው ናት።»