የዴቪድ ሮበርትስ ፍርስራሾች ይታመናሉ?

ዴቪድ ሮበርትስ (1796–1864) በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የግብፅንና የኢየሩሳሌምን ጥንታዊ ሕንፃዎች ስሎ ዝና ያተረፈ ስኮትላንዳዊ ነው። ሥዕሎቹን እንደ ታሪክ ምስክር እንያቸው ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይታመናሉ

ሮበርትስ ኤድንብራ አጠገብ የተወለደ የጫማ ሰሪ ልጅ ነው። 7 ዓመት ቤት ቀቢ ዘንድ ሙያ ለመደ። ከዚያ ለቲያትር ቤቶች የመድረክ ትዕይንት እየሳለ ኖረ። በ1838 ግን ግብፅ ገባ፤ ጀልባ ተከራይቶ ዓባይን ሽቅብ እስከ አቡ ሲምበል ወጣ። እዚያ ያሉትን የፈርዖን ራምሴስ ሐውልቶች አሸዋ ውጧቸው አገኘ፤ እንደዚያው ሳላቸው። የካይሮ መስጊዶች ውስጥ ገብቶ ለመሳል የቱርክ ልብስ ለበሰ፤ በአሳማ ፀጉር ብሩሽ ላለመጠቀምም ተስማማ።

ከሁሉም እኔን የሚይዘኝ ፊሌ፣ ያ የዓባይ ደሴት ቤተ መቅደስ ነው። በሥዕሉ ላይ የቤተ መቅደሱ ዓምዶች ደማቅ ቀለም አላቸው። በ1902 የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቤተ መቅደሱ በየዓመቱ ለወራት ውሃ ውስጥ ይሰነብት ነበር፤ ቀለሙም ታጠበ። በ1970ዎቹ ድንጋዩ አንድ በአንድ ተነቅሎ ሌላ ደሴት ላይ ተተከለ። ድንጋዩ ተረፈ፣ ቀለሙ ቀረ። ያን ቀለም ማየት የፈለገ ሰው ዛሬ ሮበርትስ ዘንድ ካልሄደ የት ይሄዳል?

አይታመኑም

እህቴ፣ የፊሌው ነገር እኔንም አንጀቴን ይበላኛል። ግን አንድ ነገር አለፉ። ሮበርትስ እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል በ1829 ስሏል። ግብፅን በዓይኑ ሳያይ፣ 9 ዓመት ቀድሞ! የመድረክ ሠዓሊ ሥራው ተመልካችን ማስደነቅ ነው። ያ እጅ ልማዱን አሌክሳንድሪያ ወደብ ላይ ጥሎ የገባ አይመስለኝም። ሰዎቹን ይዩአቸው፤ ዓምዱ እንዲገዝፍ ጉንዳን አክለዋል።

ደግሞ ሕዝቡ እጅ የገባው የእሱ ንድፍ አይደለም። የሕትመት ባለሙያው ሉዊ ሄግ ድንጋይ ላይ ገልብጦ ያተመው ነው፤ ከ1842 እስከ 1849 በየክፍሉ የወጣው።

ይታመናሉ

ወንድሜ፣ የ1829ኙ ሥዕል እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። በግምት ስሎ ጭብጨባ ያገኘ ሰው እዚያው መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ በረሃ አቋርጦ እስከ ጥንታውያኑ ከተሞች፣ የዮርዳኖሷ ፔትራና የሊባኖሷ በዓልቤክ ድረስ ሄደ። ለማየት ካልሆነ ለምን?

አይታመኑም

ለማየት ሄደ፣ ልክ ነዎት። ድንጋዩን አየ። እኔ የምጠይቀው ጀልባውን ስለቀዘፉለት ሰዎች ነው። በእነሱ ጉልበት ነው አቡ ሲምበል የደረሰው። ለአንድ ዓምድ ጉልላት የሰጠውን ትዕግሥት ከሐውልቶቹ ሥር በተቀመጡት ሰዎች ፊት ላይ ፈለግሁ። አላገኘሁትም።