«የሐቀኝነት አልቋል፤ የመከባበር አለ»

የአገራችን ከተሜ ወላጅ የልጁን ግብረ ገብ ለማነጽ የሚከፍለውን መሥዋዕትነት በቅጡ ያመሰገነ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም ነቃፊ ነው። አንዱ ተነሥቶ «የዘንድሮ ልጅ ሥርዓት የለውም» ይላል፤ ሌላው «ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት ላይ ጥሎ ጠፋ» እያለ ያማርራል። ወላጅ ግን አልጠፋም። ያላመነ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት አጠገብ ወዳለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ብቅ ይበልና፣ የልጁን የቤት ሥራ ሊያሠራ የተሰለፈውን አባትና እናት በዓይኑ ይይ።

እኔ በቀደም እስክሪብቶ ልገዛ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የቆሙት ከቢሮ በቀጥታ የመጡ፣ ክራባታቸውን ላላ ያደረጉ አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ባለሱቁን «ለአራተኛ ክፍል የሚሆን፣ ስለ ሐቀኝነት የተሠራ ፕሮጀክት አለህ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ መደርደሪያውን አገላብጦ ሲያበቃ «የሐቀኝነት አልቋል ጋሼ፤ የመከባበር አለ» አላቸው። መከባበር አይሆንም፤ ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ነው፤ ርዕሱም ሐቀኝነት ነው። ወጣቱ ነገሩን ካመዛዘነ በኋላ አሁኑኑ ሊሠራላቸው ተስማማና «በፕሪንት ይሁን ወይስ በልጅ እጅ ጽሑፍ?» ሲል ጠየቃቸው። የልጅ እጅ ጽሑፍ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ወጣቱ በግራ እጁ መጻፍ፣ በየመስመሩም አንዳንድ ፊደል እያሳሳተ መሰረዝ አለበትና። ጎልማሳው የተወደደውን መረጡ። ለካስ ባለፈው ጊዜ ያሠሩት ፕሮጀክት ከመጠን በላይ አምሮ መምህርቷን ስላጠራጠራት ግማሽ ማርክ ጎድሏል። «ቀንሳብኛለች» ነው ያሉት፤ ቃላቸው ይኸው ነው።

ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርት በአገራችን ብዙ ዘመን ተሻግሯል። በንጉሡ ጊዜ ራሱን ችሎ ይሰጥ ነበር፤ ደርግ በፖለቲካ ትምህርት ተካው፤ ከዚያ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት መጣ፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ስሙን እንደያዘ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። ዛሬ ልጁን አራተኛ ክፍል ያደረሰው ወላጅ በአብዛኛው የሥነ ዜጋው ዘመን ሰው ነው፤ ኃላፊነትን፣ ታታሪነትን፣ በራስ መተማመንን ጨምሮ 11ዱን እሴቶች በየክፍሉ እየተደጋገሙለት ለፈተና ሲል በቃሉ የሸመደደ ትውልድ ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ፍሬ አላፈራም የሚል ካለ ይፈር፤ ይኸው በራስ መተማመኑ ሞልቶ ተርፎት፣ ስለ በራስ መተማመን የታዘዘውን የልጁን የቤት ሥራ ሳይቀር ራሱ ይሠራል።

በዚህ ረገድ የጥንቶቹ መምህራን ጨካኞች ነበሩ ማለት ይቻላል። የኔታ ዘንድ ፊደል የሚቆጥር ልጅ «አቡጊዳ»ን የሚለው በገዛ አፉ ነው፤ ዳዊት ሲደግም ቃል ቢገድፍ አባቱ ከጎኑ ቆሞ ሊደግምለት አይችልም፤ የቆሎ ተማሪውም «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ የሚለምነውን ቁራሽ የሚለምንለት ሰው አልነበረውም። ቁርአን የሚቀራ ልጅም ቢሆን ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ሳይዝ ጽሑፉ ታጥቦ ሌላ አይጻፍለትም ነበር። ልጅን ያህል ነገር ከፈጣሪው ቃልና ከገዛ ምላሱ ጋር ብቻውን ማፋጠጥ! ዛሬ «የወላጅ ተሳትፎ» በሚባለው መለኪያ ቢመዘኑ፣ ሁለቱም ወገኖች የማስተማር ፈቃዳቸው የሚታደስላቸው አይመስለኝም።

ተከታታይ ምዘና የሚባለው አሠራር ከመጣ ወዲህ ግን ለወላጅ ቀን ወጥቶለታል። የቤት ሥራው፣ ፕሮጀክቱ፣ የቡድን ሥራው ሁሉ ማርክ አለው፤ ማርክ ያለውን ነገር ደግሞ በልጅ እጅ መተው እንዴት ይቻላል? ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ከተነሣ፣ የቡድን ሥራውን ያህል መተጋገዝን የሚያስተምር ምን አለ? አምስት ልጆች በአንድ ቡድን ይመደባሉ፤ የአንደኛው አባት ይሠራል፤ የአንደኛዋ እናት ታስጠርዛለች፤ የቀሩት ሦስት ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሙሉ ስም ሳያዛቡ በቴሌግራም ይልካሉ። በዚህ መንገድ የወንድሜ ልጅ ክፍል ውስጥ ባለፈው ሴሚስተር ሰባት ልጆች 1ኛ ወጥተዋል፤ የሁሉም ጠባይ «ኤ» ነው።

እኔም ከዚህ ክብር ድርሻ አለኝ፤ ባልናገረው ይቆጨኛል። ለባህል ቀን ተብሎ የወንድሜ ልጅ «ቅርስ ሠርተሽ ነዪ» በተባለች ጊዜ፣ አባቷ መስክ ላይ ስለነበር አደራው እኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ከካርቶንና ከኮላ ጋር ታግዬ የአክሱምን ሐውልት፣ መስኮቶቹንና ሐሰተኛ በሩን ሳይቀር ቀርጬ አቆምኩት። ልጅቷ አንዴ ልትነካው ስትል «ተይ፣ ታበላሺዋለሽ!» ብዬ ከልክያታለሁ፤ ለባህል ያላት ፍቅር የተጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሐውልቱ በማግሥቱ ሰርቪስ ውስጥ ተሰበረና ከ10 7 ሰጡኝ። በነገሩ አዝኜ፣ ከአክሱም ሐውልቶች ሁሉ ትልቁ፣ 33 ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ ራሱ ወድቆና ተሰባብሮ እንደሚገኝ፣ ስለዚህ ሥራዬ ከታሪኩ ጋር ይበልጥ እንደሚስማማ የሚያስረዳ ደብዳቤ በኮሚኒኬሽን ደብተሯ ላይ ጻፍኩ። መልስ አልተሰጠኝም። ልጅቷ ግን ደብዳቤውን ከእኔ በተሻለ ፊርማ አባቷን ሆና ፈርማበት ነበር። እንዲህ ነው የሥራ ክፍፍል፤ የልጅን ሥራ አዋቂ ይሠራል፤ የአዋቂን ፊርማ ልጅ ይፈርማል።

መምህራኑን በዚህ ሁሉ መውቀስ ነውር ነው። 50 ልጅ የያዘች መምህርት የማን አባት በግራ እጁ እንደጻፈ ስትመረምር ልታመሽ ነው? ደግሞስ ብታውቅ ማንን ትጥራ? «ወላጅ አምጣ» ብትል የሚመጣው ያው ሥራውን የሠራው ሰው ነው።

ይህን የመሰለ መተሳሰብ ያደፈረሰ አንድ ክፉ ዘመን ቢኖር 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየቀያቸው ተወስደው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ሞባይል ተከለከለ፤ ወላጅም ከአጥር ውጭ ቀረ። ውጤቱ በጥር ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። የትምህርት ባለሙያዎች የመምህር እጥረትን፣ የመጽሐፍ እጥረትን፣ የጦርነቱን ጉዳት እየጠቀሱ ምክንያት ደረደሩ፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ድፍረት ነው፤ ልጆቹ አንደኛ ክፍል ከገቡበት ቀን አንሥቶ ተለይቷቸው የማያውቀውን የሥራ ባልደረባቸውን ነጥቀው ብቻቸውን አስቀመጧቸው።

ወደ መደብሩ ልመለስ። ወጣቱ «ሐቀኛ ልጅ የሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ አያቀርብም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጽፎ ጨረሰ፤ «አያቀርብም» ላይ አንድ ፊደል ሰርዞ ደገመው። ጎልማሳው መነጽራቸውን አድርገው መረመሩና በጣም ደስ አላቸው። ከኋላ ወረፋ የያዘች እናት በአንገቷ አሻግራ እያየች «ለእኔም እንደዚሁ፤ ስሙን ብቻ ቀይረው» አለች። ወጣቱ እስክሪብቶውን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረና ለሽፋኑ የሚሆን ስም ጠየቀ። ጎልማሳው የልጃቸውን ስም ከነአያቱ ነገሩት።

«ክፍል?»

«አራተኛ።»

«አራተኛ ምን? ኤ ነው፣ ቢ ነው?»

ጎልማሳው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ባለቤታቸው ደወሉ።