ደቻቱም ደረቅ ነበር

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራም እንግዳ የነበሩ ሐኪም ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለደወለች አድማጭ የሰጡት መልስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። አርባ ያልሞላት ሴት ናት። ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢ የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤቿ፣ ከፍ ብሏል፣ የታይሮይድ ሆርሞኗ ግን ልክ ነው ተብላለች፤ ልቤን ያሰጋኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰውየው ሳቁ። እንቅርት ከሌለሽ ምን አስጨነቀሽ፣ ቀላል ነገር ነው፣ እርሺው አሏት፤ ክኒን እንደማይጠቅም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት አሳይቷል ሲሉም አከሉ።

አቦ! በዚህ ዘመን ታይሮይድን በአንገት እብጠት የሚለካ ሐኪም አለ? አንገቱ ያላበጠ ሰው ዕጢው ሊደክም ይችላል፤ እንቅርት ያለበትም ሆርሞኑ ልክ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የላቦራቶሪ ወረቀት ማንበብ ይበቃል።

ቲኤስኤች ከፍ አለ ማለት እኮ አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ታይሮይድ ላይ እየጮኸች ነው ማለት ነው። ሆርሞኑ ልክ የሆነው በጩኸት ነው። ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት ነበረብን? የከተማችን ወንዝ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ክረምት ዝናቡ የበረታው ደጋው ላይ ነበር፤ ጎርፉ የደረሰው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት። የወንዙን ድርቀት አይቶ የተኛውን ምን እንዳገኘው እናውቃለን። ቲኤስኤች የደጋው ዝናብ ነው። እኚህ ሰው ግን አሸዋውን እያሳዩ ተኙ ይሉናል። ዕጢው ሲደክም ጉበት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅምበት አቅም ይቀንሳል፤ የተረፈው የት የሚሄድ መሰላቸው? የደም ሥር ግድግዳ ላይ ነው የሚከማቸው፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ሐረር ያለችው አክስቴ ሁለት ዓመት የኮሌስትሮል ክኒን ዋጠች። ኮሌስትሮሉ አልወርድ አለ፣ ጭኗን የጡንቻ ሕመም ጨረሳት፤ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ እስክትደርስ ሦስቴ ትቀመጣለች። ታይሮይዱ በደከመ ሰው ላይ ይህ ክኒን ጡንቻን ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው፤ ቲኤስኤቿ ይታይ ያለ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ሲታይ 11.8 ሆነ። ወረቀቱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ቀላል» ተብሎ ተጽፎበታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው፤ ያውም እንቅርት ለሌላት ሴት።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ትንታኔ፣ ቲኤስኤች 10ን ሲያልፍ የልብ ደም ሥር ሕመም አደጋ እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው አሳይቷል። ከዚያ በታች ነገሩ እንደዚያ አይጎላም፤ እሺ። ሐኪሙ የተመረኮዙበት የ2017ቱ ጥናት ግን ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 737 ሰዎችን ነው ያየው። የታይሮይድ ሆርሞን ክኒኑ፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ድካማቸውን አላቀለለም፣ እውነት ነው። ስለ ልብ ለመፍረድ የሰዎቹ ቁጥር እንደማይበቃ ግን አጥኚዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። የአረጋውያን ውጤት ለሳቢያኗ ልጅ ምን ይፈይድላታል?

ሁሉም ክኒን ይዋጥ አልወጣኝም፤ የበዛ ሌቮታይሮክሲን ራሱ የልብ ምት ያዛባል። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ምርመራውን ድገሚው፣ ኮሌስትሮልሽን ታዪ፣ ግፊትሽን ተለኪ ማለት ግን ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር? የሳቁትን ያህል እንኳ አይፈጅም።