ይድረስ ለ«ተያያዥ ጽሑፎች»፣ ገጹ ግርጌ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ እንኳ ውሸት ነው፤ ያነበብኩት ነገር ሁሉ ሥር እርስዎ ተቀምጠዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት የልጄ ጀርባ ላይ ሽፍታ ወጣ። ደንግጬ ስልኬን አነሳሁና ስለ ሕፃናት ሽፍታ የተጻፈ አገኘሁ። አንብቤ ስጨርስ እርስዎ «ይህንንም ያንብቡ» ብለው ሦስት ዘመድ አቀረቡልኝ። አንዱ አውቶቡስ አስቁሞ ስለዘረፈ ሽፍታ ነው። ሁለተኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ሽፍታ ስለነበሩበት ዘመን ነው። ልጄ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ለመንገሥ አልደረሰችም። ሦስተኛው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። እሱን እንኳ እንለፈው፤ የማይዛመደው ነገር የለም።

የልጄ ሽፍታ «ፍ»ው ይጠብቃል፣ የጫካው ይላላል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ እርስዎም ጆሮ የለዎትም።

ሥራዎን አጣርቻለሁ። ቃል ይቆጥራሉ። «ነው» እና «ግን» የትም ስለማይጠፉ ይንቋቸዋል። ብርቅ ቃል ሁለት ቦታ ሲያገኙ ግን «ሥጋና ደም ናቸው» ብለው ይፈርማሉ። በየጽሑፉ የማይገኝ ቃል ይበልጥ ይመዝን የሚለውን ሐሳብ በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት እንግሊዛዊቷ የኮምፒውተር ሳይንቲስት ካረን ስፓርክ ጆንስ ናቸው። ብልህ ሴት ነበሩ። ሽፍታ አልገጠማቸውም እንጂ።

የእኛ ሽማግሌ ዝምድና ሲያጣራ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ለእርስዎ ስም መግጠሙ ይበቃል። ይሄ ሞክሼነት ነው እንጂ ምኑ ዝምድና ነው? በእርስዎ ሂሳብማ የሰፈሬ አበበዎች በሙሉ ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በአጥር ተካሰዋል።

እውነተኛው ዘመድ ሲመጣ ደግሞ በር ይዘጉበታል። ስፈልገው ያደርኩት ምክር እዚያው ድረ ገጽ ላይ ነበር። ጥፋቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐኪሙ «የህጻናት ቆዳ መቅላት» ብሎ ጽፎታል። እኔ የከፈትኩት ደግሞ «ሕፃን» ነበር የሚለው። በሞክሼ ሆሄ የተለያዩ አንድ ቃል፣ ለእርስዎ ባዳ ሆኑ። «ለሕፃኗ» ቢልማ ጭራሽ የውጭ ዜጋ ነው።

ሽፍታው በሦስተኛው ቀን ጠፋ። የልጄን ማለቴ ነው። የጫካውን አንድ ጊዜ በስህተት ነክቼው፣ ይኸው ዛሬም የምስር ወጥ አሠራር ሳነብ ግርጌ ላይ ይጠብቀኛል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ሳይጠራ ለመጣው ሽፍታ